ከነጉድለቱ ይሠራ ወይስ ታርሞ?

ጣቴን ትራንዚስተሩ ላይ አሳረፍኩ። አልተጫንኩትም፤ ነካ ብቻ ነው ያደረግኩት። ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ወዲያው መንሸራተት ጀመረ። ጣቴን ሳነሳ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ። እንደገና ነካሁት፤ እንደገና ሸሸ። እኩለ ሌሊት ላይ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ በጣቴ ሙቀት ሙዚቃ ለመጫወት ስሞክር ሰው ቢያየኝ ኖሮ ለየለት ይለኝ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ሞኝ ሐሳብ ነው። ምርቱ ከቆመ አሥርት ዓመታት ያለፈውን አንድ የሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ) ቺፕ ዛሬ በሚገኙ ትራንዚስተሮች መልሼ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። ሙሉውን አይደለም፤ እንብርቱን ብቻ። ያቺ እንብርት ግን ብዙ አስተማረችኝ። አሁን አሮጌ የአናሎግ ቺፖችን መልሶ መሥራት ትልቅ ሥራ ሆኗል። ትናንሽ ኩባንያዎች ይሠራሉ፣ ግለሰቦች ማታ ማታ ይሠራሉ። ደስ ይለኛል። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። አብዛኞቹ "ልክ እንደ ድሮው" ብለው ያልፋሉ። የድሮው ቺፕ ደግሞ ብዙ ጉድለት ነበረበት። ታዲያ የትኛውን ጉድለት አቆያችሁ፣ የትኛውን አረማችሁ? ይህን በግልጽ ጽፎ የሚሰጥ ጥቂት ነው።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። የድሮዎቹ አናሎግ ሲንተሳይዘሮች ድምፅን የሚያዙት በቮልቴጅ ነው። በብዙዎቹ ላይ ድምፁ አንድ ኦክታቭ (ንዝረቱ እጥፍ የሚሆንበት እርምጃ) ወደ ላይ ሲወጣ ቮልቴጁ በ1 ቮልት ይጨምራል። ጆሯችን ግን ድምፅን የሚሰማው በእጥፍ ነው። 110 ኸርዝ፣ ከዚያ 220፣ ከዚያ 440፣ ከዚያ 880። ስለዚህ በእኩል እርምጃ የሚጨምረውን ቮልቴጅ እጥፍ እጥፍ ወደሚያድግ ከረንት የሚቀይር ነገር ያስፈልጋል።

ትራንዚስተር ይህን ሥራ ሲፈጠር ጀምሮ ያውቀዋል። ቤዝና ኤሚተር በሚባሉት ሁለት እግሮቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ በ18 ሚሊቮልት ገደማ ሲጨምር የሚያሳልፈው ከረንት እጥፍ ይሆናል። የተፈጥሮ ስጦታ ነው። ስጦታው ግን ዕዳ አለበት፤ ትራንዚስተር ሙቀት አይችልም። አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ያው ቮልቴጅ በ2 ሚሊቮልት ያህል ይዛነፋል። 2ን ለ18 ካካፈላችሁት የኦክታቭ አንድ ዘጠነኛ ነው። ከአንድ ግማሽ ድምፅ (ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ካለው ርቀት) ይበልጣል ማለት ነው። በአንዲት ዲግሪ!

መፍትሔው የታወቀ ነው። ሁለት ትራንዚስተሮችን አጣምሮ የአንዱን መዛነፍ በሌላው ማጥፋት ነው። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱም እኩል ሲሞቁና እኩል ሲቀዘቅዙ ብቻ ነው። የኔዎቹ ጎን ለጎን ቢቀመጡም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የፕላስቲክ ቤት ነበራቸው። ጣቴ አንዱን ብቻ አሞቀው። ድምፁ የሸሸው ለዚህ ነው።

ቺፕ ውስጥ ግን ሁለቱ ትራንዚስተሮች የሚኖሩት በአንድ ትንሽ የሲሊከን ቁራጭ ላይ ነው። አንዱ ሲሞቅ ሌላውም ይሞቃል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ምድጃ ስለተሠሩ ባሕሪያቸውም ይመሳሰላል። ስለ አሮጌ ቺፖች "ምትሃት" ብዙ ሲወራ እሰማለሁ። ምትሃቱ ጉርብትና ነው።

ጉርብትናውም ሁሉን አይፈታም። ሁለቱ እኩል ቢሞቁም ከረንቱን እጥፍ የሚያደርገው የ18 ሚሊቮልት እርምጃ ራሱ በዲግሪ በ0.33 በመቶ ገደማ ይለጠጣል። ትንሽ ይመስላል። ከመነሻው 5 ኦክታቭ ርቃችሁ ስትጫወቱ ግን አንድ ዲግሪ የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ያህል ታስታለች። መድረክ ላይ መብራቱ በርቶ 10 ዲግሪ ሲጨምር ደግሞ አንድ ሙሉ ድምፅ ያህል ተሳሳታችሁ ማለት ነው። በድሮ ጊዜ ይህን ለማረም በሙቀት መጠኑ የሚለወጥ ልዩ ሬዚስተር ትራንዚስተሮቹ ላይ ያጣብቁ ነበር። ያ ሬዚስተር ራሱ አሁን እንደ ልብ አይገኝም።

እዚህ ላይ ነው ዳግ ከርቲስ የሚመጣው። ከርቲስ ካሊፎርኒያ ውስጥ የነበረ አሜሪካዊ የቺፕ ንድፍ ባለሙያ ነው። ሲኢኤም3340 የሚባለው ቺፑ የኦሲሌተሩን፣ ማለትም ድምፁን የሚያመነጨውን ክፍል፣ ሥራ ከነሙቀት ማረሚያው በ16 እግሮች ባለ አንድ ቁራጭ ውስጥ ጠቅልሎ አስገባው። ቀድሞ ቦርድ ሙሉ ይወስድ የነበረው ሥራ የጣት ጥፍር በምታህል ነገር ላይ አለቀ። ኦበርሃይም ኦቢ-ኤክስኤ የሚባለው ሲንተሳይዘር ውስጥ ገባ። ሮላንድ ኤስኤች-101 ውስጥ ገባ። ሜሞሪሙግ ላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚያሰማቸው 6 ድምፆች እያንዳንዳቸው 3 ኦሲሌተር ስላላቸው በአንድ መሣሪያ ውስጥ 18 ቺፕ ተደረደረ። ይህን መሣሪያ የሚጠግን ሰው ትዕግሥት ያስቀናኛል።

ሌላው ወገን ኤስኤስኤም የሚባለው የቺፕ ኩባንያ ነው። የእነሱን ቺፖች በመንደፍ ስሙ የሚነሳው ዴቭ ሮሰም ነው። በ1978 የወጣው የሴኩዌንሻል ሰርኪትስ ኩባንያ ሲንተሳይዘር ፕሮፌት-5 መጀመሪያ የተሠራው በኤስኤስኤም ቺፖች ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድምፁ ይወደድ ነበር። ቅኝቱ ግን አስቸጋሪ ነበር። በ1980 ሦስተኛው ዙር ሲመጣ ኩባንያው ወደ ከርቲስ ቺፖች ዞረ። መሣሪያው ረጋ። ተጫዋቾች እፎይ አሉ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ዓመታት ሲያልፉ ሰዎች ያንን የማይረጋውን የመጀመሪያውን ድምፅ ይናፍቁ ጀመር። "እሱ ነበር ሕይወት ያለው" ይላሉ። በጊዜው በቅኝቱ ምክንያት ፀጉራቸውን ይነጩ የነበሩ ሰዎች ምን ይሉ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ቺፖቹ የጠፉት ስለተበላሹ አይደለም። በ1983 ያማሃ ዲኤክስ7 የተባለውን ሲንተሳይዘር አወጣ። ዲጂታል ነው፤ ከቅኝት አይወጣም፤ ገበያው ወደዚያ ጎረፈ። የቺፕ ፋብሪካ ደግሞ በብዛት ካላመረተ አያዋጣውም። ጥቂት ሺህ ቺፕ የሚጠይቅ ደንበኛ መስመሩን አያስቀጥልም። መስመሩ ይዘጋል፣ ማሽኑ ለሌላ ሥራ ይዞራል። መሣሪያው ግን በሰው ቤት አለ። ሶኬቱ አለ። በሶኬቱ ውስጥ የሚገባው ነገር የለም።

"አሁን ያለው ቴክኖሎጂ እንዲህ ከተራቀቀ ያን አሮጌ ቺፕ መሥራት ምን ያቅታል?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ያስገርማል። የዛሬ ዘመናዊ የስልክ ቺፕ የሚሠራው ከ1 ቮልት ባልራቀ ኃይል ነው። የሲንተሳይዘር ቺፕ በአንድ በኩል 15 ቮልት፣ በሌላ በኩል ከዜሮ በታች 15 ቮልት ይዞ ነው የሚኖረው። ዛሬ በዓለም ላይ አለ የሚባለው ረቂቅ ፋብሪካ ያንን ቺፕ ሊሠራ አይችልም፤ ይቃጠልበታል። የድሮውን ዓይነት ሥራ የሚሠራ፣ ሰፋፊ ትራንዚስተር የሚያትም አሮጌ ቤት ያስፈልጋል። እንደዚያ ያለ ቤት አልጠፋም፤ ግን ጥቂት ነው።

ከጥቂቶቹ አንዱ ላትቪያ ውስጥ፣ ሪጋ ከተማ ነው። አልፋ የሚባለው ፋብሪካ የከርቲስን ቺፕ እግር በእግር የሚተካ ኤኤስ3340 የሚባል ያመርታል። ኩልኦዲዮ የሚባለው ኩባንያም ቪ3340 የሚል የራሱ አለው። በ2016 ደግሞ የከርቲስ ኩባንያ ራሱ 3340ን እንደገና ወደ ምርት መለሰው። ዳግ ከርቲስ ግን አላየውም፤ ያረፈው በ2007 ነው። ሮሰም በሕይወት ኖሮ የራሱን የድሮ ቺፖች እንደገና ለመንደፍ በቅቷል። ወጣት ሆኖ የሠራውን ሥራ በሽምግልናው የማረም ዕድል ያገኘ መሐንዲስ ስንት አለ?

የሚሠራበትም መንገድ ብዙ ነው። አንዱ ቺፑን ገልጦ ማየት ነው። ጥቁሩን ፕላስቲክ በአሲድ ያሟሙታል፤ ውስጡ ያለችውን ሲሊከን በማይክሮስኮፕ ፎቶ ያነሳሉ፤ ከዚያ ትራንዚስተሮቹን አንድ በአንድ ቆጥረው ሰርኪዩቱን ይሥላሉ። ከተማን ከአውሮፕላን እያዩ የመንገድ ካርታ እንደመሥራት ነው። ካርታው ትክክል ሊሆን ይችላል። አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን ፎቶው አይነግራችሁም።

ሁለተኛው መንገድ ቀለል ይላል፤ እኔም የሞከርኩት ይህንን ነው። በጥቃቅን ዘመናዊ ክፍሎች ትንሽ ቦርድ ሠርቶ ከሥሯ እግር አውጥቶ በቺፑ ቦታ መሰካት ነው። ለምሳሌ ሲኤ3080 የሚባል አንድ ዝነኛ ቺፕ ነበር፤ በብዙ ሲንተሳይዘሮች ውስጥ የድምፅ መጠንንና ፊልተርን (የድምፁን ቀለም የሚቀርጸውን ክፍል) የሚያዝዝ። ምርቱ ቆመ። ኤልኤም13700 ግን እስካሁን ይመረታል፤ በውስጡ የ3080 ዓይነት ሁለት ክፍሎች አሉት። ግማሹን ብቻ አገናኝታችሁ፣ የማያስፈልገውን ትታችሁ፣ በትንሽ ቦርድ ላይ 8 እግር ሰጥታችሁት ብትሰኩ በብዙ መሣሪያ ላይ ይሠራል። ውበቱ ዜሮ ነው። አንገቱ የረዘመ ነፍሳት ይመስላል። ግን ይሠራል።

ሦስተኛው መንገድ ውስጡን በሙሉ በፕሮግራም መተካት ነው። በሶኬቱ ውስጥ የምትገባው ነገር ትንሽ ኮምፒውተር ትሆናለች፤ የድሮውን ቺፕ ጠባይ እያሰላች ታስመስላለች። ስለዚህኛው በኋላ እመለስበታለሁ፤ ምክንያቱም የጉድለቱ ጥያቄ ቁልጭ ብሎ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ግን ማንም የማይከራከርበትን ጉድለት እናውጣ። በ1984 የወጣው ሮላንድ ጁኖ-106 ስድስት ድምፅ አለው። ለእያንዳንዱ ድምፅ ፊልተሩንና ማጉያውን የያዘ 80017ኤ የሚባል ጥቁር ቁራጭ አለ። ቁራጩ ከላይ ሬዚን በሚባል ሙጫ መሰል ነገር ተሸፍኗል። ሬዚኑ ዘመን ሲቆጥር ከረንት ማሳለፍ ይጀምራል፤ ድምፁ ይንኮሻኮሻል፣ ይቆረጣል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ጠጋኞች ቁራጩን ነቅለው አሴቶን ውስጥ ይዘፈዝፉትና ሽፋኑን ይልጡታል። ብዙ ጊዜ ይነሳል። ካልተነሳ ደግሞ በዘመናዊ ክፍሎች የተሠራ ምትክ አለ። ያንን የሚመርዝ ሬዚን "ለታማኝነት ስንል" መልሰን እንቀባ የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህ ጉድለት ይቅር፤ ሁላችንም ተስማምተናል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው።

የኮሞዶር 64 ኮምፒውተርን ድምፅ የሚያወጣው ሲድ የሚባል ቺፕ ነው። ኮምፒውተሩ በ1982 ወጣ፤ ቺፑን የነደፈው ቦብ ያኔስ ነው። ቁጥሩ 6581። ሦስት ድምፅ፣ አንድ አናሎግ ፊልተር። አንድ ግድፈት ነበረበት። የድምፅ መጠኑን በፍጥነት ስትቀይሩት "ጧ" የሚል ድምፅ ያወጣል። መሐንዲስ ይህን ሲያይ ያፍራል። ፕሮግራም የሚጽፉ ልጆች ግን ሌላ ነገር አዩ። መጠኑ 16 ደረጃ አለው። ያንን ደረጃ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ብንቀያይረውስ? "ጧ" "ጧ" እያለ ተሰብስቦ የተቀዳ ድምፅ ይሆናል! ከበሮ፣ የሰው ንግግር፣ የጊታር ክር፤ ቺፑ ጨርሶ ያልታሰበበትን ነገር መጫወት ጀመረ። በአንድ ግድፈት ላይ አንድ የሙዚቃ ዓይነት ተሠራ።

ከዚያ ኩባንያው ቺፑን አሻሻለ። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ 8580 የሚባለው መጣ። ጫጫታው ቀነሰ፣ ፊልተሩ ተስተካከለ፣ ግድፈቱም ታረመ። ውጤቱ? በድሮው ቺፕ ላይ የሚያስገመግመው ከበሮ በአዲሱ ላይ ሹክሹክታ ሆነ። ልጆቹ ምን አደረጉ? አንድ ሬዚስተር በመበየድ የታረመውን ግድፈት መልሰው አመጡት። ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር እስቃለሁ። ብየዳ ይዞ ስህተት የሚመልስ ትውልድ!

የሲድ ፊልተር ሌላም ጉድ አለው። በ6581 ላይ ከአንዱ ቺፕ ወደ ሌላው በጣም ይለያያል። በአንዱ ላይ ብሩህ የሆነ ዘፈን በሌላው ላይ ብርድ ልብስ የተጣለበት ይመስላል። አንድ ዓይነት ቁጥር፣ አንድ ዓይነት ፋብሪካ፣ የተለያየ ድምፅ። እንግዲህ ምትክ የሚሠራ ሰው የትኛውን ይቅዳ? "ኦሪጅናሉን" ትሉኛላችሁ። ኦሪጅናሉ የቱ ነው? በኔ ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው ወይስ በእናንተ?

ለዚህ ነው ከአሮጌ ቺፕ መላሾች ሁሉ የሲድ ሰዎችን የማደንቃቸው። ምትካቸው በውስጡ ፕሮግራም ያለው ስለሆነ "6581 ወይስ 8580?" ብሎ የሚጠይቅ አለ። የፊልተሩን ጠባይ ተጠቃሚው ራሱ እንዲያስተካክል የሚተው አለ። ምርጫው ፊት ለፊት ተቀምጧል። ከአናሎጉ መንደር የምጠብቀው ይህንኑ ነው። ቺፑ ውስጥ ማስተካከያ ማስገባት ባይቻል እንኳ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አያቅትም።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ይህኛው በጣም ስለሚገርመኝ ነው። ሮላንድ ቲአር-808 የተባለው የከበሮ ማሽን ከ1980 እስከ 1983 ነው የተመረተው። የኩባንያው መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ እንደተናገረው፣ ለዚያ ለሚንሿሿው ድምፁ ሆን ብለው የገዙት ከፋብሪካ ጉድለት አለበት ተብሎ የተጣለ ትራንዚስተር ነው። ጤነኛው አይሆንም፤ ጫጫታ የሚያወጣው ነው የሚፈለገው። ከዚያ የትራንዚስተር ፋብሪካዎች ሥራቸውን አሻሻሉ። ብልሹ ትራንዚስተር ጠፋ። ማሽኑም ቆመ። ጥራት ስለጨመረ ምርት ሲቆም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን 808ን የሚቀዳ ሰው ከተለመደው ሱቅ ጤነኛ ትራንዚስተር ገዝቶ፣ በሰርኪዩቱ ልክ በይዶ፣ "ልክ እንደ ድሮው" ቢል አይዋሽም። ሥዕሉ ልክ ነው። ድምፁ ግን ልክ አይሆንም። ከሥዕሉ ላይ የማይታየው ነገር ነበር ሥራውን የሚሠራው።

ዘመናዊ ክፍል በጣም ጥሩ በመሆኑ የሚያመጣው ጣጣም አለ። በአንድ አሮጌ ቦርድ ላይ የደከመውን ኦፕ-አምፕ (ደካማ ምልክት የሚያጎላ ቺፕ) አውጥቼ ፈጣኑንና ጸጥተኛውን አዲስ ሰካሁ። ወዲያው ማፏጨት ጀመረ። ጆሮ በማይሰማው ከፍታ እያፏጨ ሌላውን ሁሉ ያምሳል። ቦርዱ የተሠራው ለዘገምተኛው ነበር። ለዘገምተኛ በተሠራ መንገድ ላይ የእሽቅድድም መኪና ለቀቅኩበት። ሁለት ትናንሽ ካፓሲተር ጨምሬ አሳረፍኩት እንጂ አዲሱ ከድሮው ይሻላል ብሎ ነገር እዚያ ላይ አልሠራም።

የጥንቱ ወዳጆች የሚሉትንም ልስማ፤ ክርክራቸው ባዶ አይደለም። "እነዚያ የምንወዳቸው ድምፆች የተቀዱት በእነዚያ ቺፖች ነው። እያንዳንዷን ጉድለት ካላቆያችሁ የምትሠሩት ሌላ ነገር ነው፤ የሞተውን ስም አታንሡ" ይላሉ። እውነት አላቸው። ስሙን ካነሳችሁ ኃላፊነቱንም ትሸከማላችሁ። የማልስማማው ጉድለት ሁሉ ይቆይ በሚለው ላይ ነው። ከቅኝት የሚያስወጣ የሙቀት መዛነፍ ማንንም አልጠቀመም፤ ቀረጻ ላይ የምንሰማው ቅኝቱ ተስተካክሎ ካበቃ በኋላ ያለውን ነው። ፊልተሩ በኃይል ሲገፋ የሚያመጣው መጎርነን ግን ድምፁ ራሱ ነው። እሱን ያስተካከለ ቺፑን ገደለው።

መሐል ላይ ያለው ነው የሚያከራክረው። ማጉያው ሲከፈት የሚሰማ ትንሽ "ድብ"። ሬዞናንሱ (ፊልተሩ አንዱን የድምፅ ከፍታ ለይቶ ማጉላቱ) ሲጨምር የዝቅተኛው ድምፅ መሳሳት። ተዘግቶም ቢሆን የሚያፈስ ድምፅ። አንዱ ተጫዋች ይጠላዋል፣ ሌላው ይኖርበታል። እዚህ ላይ ሠሪው መወሰን አለበት። ይወስን፤ መብቱ ነው። የወሰነውን ግን ይጻፍ። ከቺፑ ጋር በሚወጣው የመረጃ ወረቀት፣ በዳታ ሺቱ፣ ላይ አንድ ገጽ አይበዛበትም። "ይህንን አቆይተናል፣ ይህንን አርመናል፣ ይህንን ያነጻጸርነው ከእነዚህ ቺፖች ጋር ነው" ይበል። ገዢው ከሰካው በኋላ በጆሮው ፈልጎ እንዲያገኘው መተው ነውር ነው።

ሊደረግ የሚችል መሆኑን ደግሞ አይተናል። ሴኩዌንሻል በ2020 ፕሮፌት-5ን እንደገና ሲያወጣ የከርቲስን ፊልተርና ሮሰም አዲስ የነደፈውን ፊልተር ሁለቱንም አስገባ፤ በማብሪያ ማጥፊያ ትመርጣላችሁ። በዚያ ላይ "ቪንቴጅ" (የጥንት) የሚል የሚጠመዘዝ ቁልፍ አለው። ወደ አንዱ ጫፍ ስትጠመዝዙት ድምፆቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ወደ ሌላው ስትወስዱት እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ማፈንገጥ ይጀምራል። የሴኩዌንሻል መሥራች ዴቭ ስሚዝ በ1980 ሊያጠፋው የለፋበትን ነገር ከ40 ዓመት በኋላ በቁልፍ መልሶ ሸጠው! እየቀለድኩ አይደለም፤ ትክክለኛ ሥራ ነው። ጉድለቱ ስም ተሰጠው፣ መጠን ተሰጠው፣ ለተጫዋቹ ተሰጠው።

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም። ቺፕ መቅዳት ሌብነት ነው የሚሉ አሉ። በአሜሪካ በ1984 የወጣው የቺፕ ሕግ ለቺፕ ንድፍ የሚሰጠው ጥበቃ 10 ዓመት ነው። ያውም ለማጥናት ብሎ ቺፕን መበርበር ይፈቅዳል። የምናወራባቸው ቺፖች 40 ዓመት አልፏቸዋል። ይልቅ ሌብነት የሚባለው ሌላ ነው። የማይረባ ቺፕ ፊቱን በአሸዋ ወረቀት ይፍቁና የዝነኛውን ቁጥር አትመው "አሮጌ፣ ያልተነካ" ብለው የሚሸጡ አሉ። ጥጥ አሴቶን ውስጥ ነክራችሁ ፊቱን ስትጠርጉት ጥቁር ቀለም ከለቀቀ ተበልታችኋል። ግልጽ የሆነ ምትክ በበዛ ቁጥር የእነዚህ ሰዎች ገበያ ይደርቃል።

ምትክ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ደግሞ አንድ ቺፕ በእጃችሁ መግደል በቂ ነው። እኔ ገድያለሁ። 3340 ላይ ከዜሮ በታች ያለውን ቮልቴጅ በቀጥታ ከ15 ቮልት ጋር አታገናኙትም፤ ቺፑ በውስጡ የራሱ መገደቢያ ስላለው መሐል ላይ ሬዚስተር ያስፈልጋል። አውቃለሁ። ወረቀቱ ላይ በቀይ አስምሬበታለሁ። በዚያ ቀን ግን ተቻኩዬ ሬዚስተሩን ረሳሁት። ኃይሉን ስለቅቅ ድምፅ አልነበረም። ቺፑን ስነካው ጣቴን አቃጠለኝ። ከኔ ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ ነገር በሁለት ሰከንድ አለቀ። ቀጥሎ የሰካሁት አዲስ የተመረተውን ነው። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ስህተት ብሠራ ሌላ አለ። ሰው የሚማረው እንደዚያ ሲሆን ነው እንጂ በሙዚየም ዕቃ ላይ እጁ እየተንቀጠቀጠ አይደለም።

"ሶፍትዌር እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?" ለሚሉም አንድ ቃል። ሶፍትዌሩን እወደዋለሁ፤ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ግን 10 የኦሲሌተር ቺፕ የሚፈልግ አንድ ፕሮፌት-5 አንዱ ሲሞትበት ሶፍትዌር አያድነውም። መሣሪያው አለ፤ ኪቦርዱ ይሠራል፣ ሳጥኑ ደህና ነው። በአንዲት የጥፍር ስፋት ምክንያት ይጣል?

ወደ ጣቴ ልመለስ። ሁለቱን ትራንዚስተሮች ፊታቸውን አገጣጥሜ፣ መሐላቸው ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት ቀብቼ፣ በሚኮማተር ፕላስቲክ አሰርኳቸው። ጎረቤት አደረግኳቸው መሆኑ ነው። ነካሁት። ድምፁ ንቅንቅ አላለም። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽም ከፋኝ።

በማግስቱ አንድ ኪቦርድ የሚጫወት ወዳጄ መጣ። ቀደም ብዬ በስልክ የቀዳሁትን የሚንሸራተተውን ድምፅ ሰምቶት ነበር። "የታለች ያቺ?" አለኝ።

"አስተካከልኳት" አልኩት።

"ምን ነካህ? እሷን እኮ ፈልጌ ነው የመጣሁት!"

ተከራከርን። ቅኝት የማይጠብቅ ኦሲሌተር ምን ይሠራልሃል አልኩት። ለቅኝት ሌላ አለኝ አለ። በመጨረሻ ሁለተኛ ቦርድ በየድኩለት፤ ትራንዚስተሮቹ ተለያይተው፣ አንዱ ጣት በሚደርስበት በኩል ብቅ ብሎ። ሳስረክበው ገለበጥኩትና ከጀርባው በእስክሪብቶ ጻፍኩበት፦ "ሲነካ ቅኝቱን ይለቃል። ሆን ተብሎ የተተወ።"